ንጹሕ ነሽ ብዬ የዋሸኋት እህቴ

በምሠራበት ትምህርት ቤት ወላጆች ከርዕሰ መምህሩ ይልቅ እኔን ነው የሚፈሩት። ሬጅስትራር ነኝ። ቤቴል ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ እኔ ፊርማ ልጅ አይመዘገብም፣ ልጅም አይለቅም። «ኮፒው አይበቃም፤ ዋናውን ያምጡ» ብዬ የመለስኳቸው አባቶች በር ላይ ቆመው ሲራገሙኝ በመስኮት እየሰማሁ ሻዬን እጠጣ ነበር። እኮራበት ነበር ብል ይሻላል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ቀጥሎ የማወራውን ነገር የሠራሁት ማንበብ አቅቶኝ እንዳልሆነ እንድታውቁልኝ ነው።

ታላቅ እህቴ አስካለ ትባላለች። እኔ ግን ስሟን ጠርቼ አላውቅም፤ «እታለም» ነው የምላት። በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። ከጉራጌ አገር ከቤተሰቡ ቀድማ አዲስ አበባ የገባችው እሷ ናት። አየር ጤና ላይ በሰው ደጃፍ ዚፕና ቁልፍ ዘርግታ ጀመረች፤ ኋላ የራሷን ሱቅ ያዘች፤ ክር፣ ላስቲክ፣ ገበር፣ ልብስ ሰፊ የሚፈልገው ነገር ሁሉ እሷ ጋ ይገኛል። እኔን በስምንት ዓመቴ አስመጥታ ያስተማረችኝም እሷው ናት። እሷ ከአራተኛ ክፍል አላለፈችም። ስሟን ትጽፋለች፣ የዚፕ ቁጥር ታነባለች። ከዚያ በላይ የሆነ ወረቀት ሲመጣ ሳታየው አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች፤ «ወይንሸት ታንብበው» ትላለች። የግብር ደብዳቤ፣ የኮንዶሚኒየም ውል፣ ባሏ ሲሞት የወጣው ምስክር ወረቀት፣ ሁሉም በእኔ እጅ አልፏል።

ምርመራውንም ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት አንዲት ባለሙያ ትምህርት ቤታችን መጥታ ለሴት ሠራተኞች ስለ ማኅጸን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ አስረዳችን። ሕመም ሳይሰማ ነው የሚመረመሩት አለችን። እኔም ቅዳሜ ዕለት እታለምን ጎትቼ ቤቴል አካባቢ ካለ ክሊኒክ ወሰድኳት።

«በዚህ ዕድሜዬ ማን ፊት ነው እግሬን የምከፍተው?» እያለች ታክሲ ውስጥ ስትነታረክ ተሳፋሪው ሁሉ ይሰማናል።

«ሴት ናት እኮ የምታይሽ፣ እታለም።»

«ሴት ብትሆንስ? እኔ አልወለድኳት!»

ገብታ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች። «ይኸው ነው? ጥርስ መነቀል ይብሳል» አለችኝ፤ ተሳሳቅን። ለሁለታችንም ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። ስልክ የሚለው ቦታ ላይ በሁለቱም የራሴን ቁጥር ጻፍኩ። እታለም የማታውቀው ቁጥር ሲደውል አታነሳም። ደግሞም ወረቀት የእኔ ጉዳይ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተደወለልኝና ብቻዬን ክሊኒኩ ሄድኩ። የእኔ ውጤት ደህና ነበር። ነርሷ የእታለምን ወረቀት ይዛ ከፊቴ ተቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦ «በማኅጸናቸው በር ላይ ካሉት ሴሎች የተለወጡ አሉ። ካንሰር ማለት አይደለም። ሳይታከም ከቆየ ግን ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ዓይነት ነው። ራሳቸው ይምጡና ላስረዳቸው፤ በደንብ የሚታይበትና የሚታከምበት ቦታ እንልካቸዋለን።»

ይህን ዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ያን ቀን ግን ከዚህ ሁሉ የሰማሁት ካንሰር የሚለውን ብቻ ነበር። የቀረው በጆሮዬ አልገባም። ወረቀቱን ተቀብዬ፣ አጥፌ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሳላነበው። እኔ፣ ከልጆች ልደት ምስክር ወረቀት ላይ አንዲት ነጥብ ስታንስ የማስመልሰው ሴትዮ።

ትዕግሥት፣ የእታለም አንድ ልጅ፣ ልታገባ ሦስት ሳምንት ቀርቷት ነበር። እታለም ለዚያ ሰርግ ስንት ዓመት ስታስብ እንደኖረች የማውቀው እኔ ነኝ። በእኛ ቤት ደግሞ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ በቀጥታ አይነገርም። አባታችን የሞተ ጊዜ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ነበርኩ። እታለም ሐዘኗን ዋጥ አድርጋ፣ ጥቁሯን አውልቃ፣ ምሳዬን እየቋጠረች አራት ቀን ሸኘችኝ። መርዶው የተነገረኝ የመጨረሻውን ፈተና ጨርሼ ስወጣ ነው። አልተቆጣኋትም። እንዲያውም ፍቅር ማለት ይህ ነው ብዬ ያዝኩት። ስለዚህ ከክሊኒኩ ስወጣ ለራሴ የነገርኩት ግልጽ ነበር፤ ሰርጉ ይለፍ፣ ከዚያ እነግራታለሁ።

ሱቅ ስደርስ ለደንበኛ ላስቲክ እየለካች ነው። ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን አሉ?»

«ንጹሕ ነሽ ብለዋል።»

«ተመስገን!» አለች። መቀሱን አስቀምጣ ደንበኛዋን ያዘቻት። «አንቺም ሂጂ ተመርመሪ፤ ምንም የለውም፤ እኔ ይኸው ንጹሕ ነሽ ተባልኩ!»

ሰርጉ ደስ ብሎ አለፈ። ቅልቅሉም አለፈ። በመሃል ነርሷ ሁለት ጊዜ ደውላልኝ ነበር። በመጀመሪያው «እናመጣታለን» አልኳት። በሁለተኛው «ሌላ ቦታ መታከም ጀምራለች» ብዬ ዋሸሁ፤ እሷም ደስ ብሏት እግዚአብሔር ይማራት ብላ ዘጋችው። ከዚያ ትዕግሥት አረገዘች፤ እታለም አያት ልትሆን ነው፣ አሁን እንዴት ይነገራል? ከዚያ ልጁ ተወለደ። እታለም ወፈረች፣ አማረባት። ለምን እንደሆነ ሳልነግራት ጠበል ወሰድኳት፤ ስእለት አለብኝ ብዬ። ደህና ሆና ባየኋት ቁጥር ምናልባት ወረቀቱ ተሳስቶ ይሆናል እላለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በመጀመሪያ የደበቅኩት ለእሷ ብዬ ነበር። ከዓመት በኋላ ግን የምደብቀው ለራሴ ነበር። «ለምን እስካሁን?» ብትለኝ መልስ አልነበረኝም።

ባለፈው ዓመት ክረምት ሲወጣ ትዕግሥት ቢሮዬ ድረስ መጣች። «አክስቴ፣ እማዬ ደም ይፈሳታል» አለችኝ። የወር አበባ ካቆመች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። «ከመቼ ጀምሮ?» ስላት ትዕግሥት አለቀሰች። «አምስት ወር ሆነኝ አለችኝ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት እኔ ተመርምሬ የለ፣ ንጹሕ ነኝ ትላለች።»

የሄድነው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ትዕግሥት ልጁን የሚይዝላት ስላጣች እኔና እታለም ብቻ ሆንን። ከቤቷ ከዓለም ባንክ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ዘነበወርቅ ወዳለው ሆስፒታል። መስኮት ዳር ተቀምጣ መንገዱን እያየች ስለ ሱቋ ታወራኛለች፤ አዲስ የመጣው ዚፕ ቶሎ እየተበጠሰ ደንበኛ እንዳስቀየመባት። እኔ «እህ» እላለሁ እንጂ አልሰማትም። እዚያው ታክሲ ውስጥ ልንገራት? ሰው መሃል? ስንወርድ እነግራታለሁ አልኩ። ስንወርድ ካርድ ላውጣ አልኩ። ካርድ አውጥተን ወረፋ ላይ ስንቀመጥ ደግሞ ከአጠገባችን አንዲት ሴትዮ ተቀመጠችና እታለም ወሬ ጀመረች።

«አትፍሪ» ትላታለች ሴትዮዋን። «እኔ ከሦስት ዓመት በፊት ተመርምሬያለሁ። ምንም አያምም። ጥርስ መነቀል ይብሳል።»

የእታለም ስም ሳይጠራ ሐኪሟን ብቻዋን ለማግኘት ሞከርኩ። ወጣት ሴት ናት፤ የትዕግሥት እኩያ ብትሆን ነው። ከክፍሏ ብቅ ስትል ተከትያት ኮሪደር ላይ ደረስኩባት።

«ዶክተር፣ ስለ እህቴ ብቻዎን ላነጋግርዎ ፈልጌ ነበር።»

«እህትዎ መስማት ይችላሉ?»

«አዎ፣ ይሰማሉ።»

«መናገርስ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አብረው ይግቡና እሳቸው ፊት ይንገሩኝ» አለችኝ፤ በትሕትና ነው ግን አልቆመችም። እኔ ወላጆችን ስመልስ እንደማደርገው ነው የመለሰችኝ።

ተጠርተን ገባን። ሐኪሟ እታለምን ከመጋረጃ ጀርባ ለረጅም ጊዜ መረመረቻት። እኔ ወንበር ላይ ሆኜ የመሣሪያውን ድምፅና የእታለምን «እሰይ… እሰይ» የምትል ትንፋሽ ነበር የምሰማው። ሲያማት እንዲህ ነው የምትለው። ሐኪሟ ጓንቷን አውልቃ ስትወጣ ስትቀበለን የነበረው ፈገግታ ፊቷ ላይ አልነበረም። እታለም ለባብሳ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።

«ትንሽ ሥጋ ወስጄያለሁ፣ ለምርመራ ይላካል» አለች ሐኪሟ። «ያየሁት ነገር ደስ አላለኝም። ግን ውጤቱን ሳላይ ስሙን አልጠራም። ከዚህ በፊት የማኅጸን በር ቅድመ ምርመራ አድርገው ያውቃሉ?»

«እንዴታ!» አለች እታለም፤ ቀና ብላ። «ሦስት ዓመቴ። ንጹሕ ነሽ ተብዬአለሁ።»

ሐኪሟ ብዕሯን አቆመች። «ንጹሕ? እርግጠኛ ነዎት?»

«እህቴ ናት ውጤቱን የተቀበለችው። ጠይቂያት።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቃል ግን «አዎ፣ ሦስት ዓመት ገደማ ይሆናል» የሚል ነበር። የተጠየቅኩት ስለ ቀኑ ይመስል።

«ወረቀቱ ይኖራል?» አለችኝ ሐኪሟ። «ያኔ ምን እንደታየ ባውቅ በጣም ይረዳኛል።»

«ትፈልጋለች!» አለች እታለም እኔን ቀድማ። «እሷ ወረቀት አትጥልም። የእኔን የቀበሌ መታወቂያ እንኳ የድሮውን አስቀምጣዋለች። ሂጂ አምጪላት፤ እኔ እዚሁ እጠብቅሻለሁ።»

ሐኪሟ ከሰዓት በፊት ከደረስኩ እንደምታየን ነገረችኝ። እታለምን ወንበር ላይ ትቻት ወጣሁ።

ወረቀቱ የት እንዳለ አንድም ቀን ጠፍቶኝ አያውቅም። ቢሮዬ ካለው ካቢኔ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ፣ «ያቋረጡ ተማሪዎች» የሚል ማኅደር ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት። ያን ማኅደር ማንም አይከፍተውም። ስደርስ የዕረፍት ሰዓት ስለነበር ግቢው በልጆች ጩኸት ተሞልቷል። በሩን ቆለፍኩ፤ መሬት ላይ ተቀምጬ መሳቢያውን ጎተትኩ። ወረቀቱን ዘረጋሁና ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።

የታተመው በእንግሊዝኛ ነው። ከሥሩ ግን ነርሷ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በአማርኛ፣ በሚነበብ ጽሑፍ የጻፈችው አለ። «ካንሰር አይደለም። የሚታከም ነው። በአንድ ወር ውስጥ ራሳቸው ይምጡ።»

የሚታከም ነው ይላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከእግሬ ሥር፣ በወንበሬ አጠገብ ተጽፎ ተቀምጧል። እታለም ልትሞት ነው ብዬ በየሌሊቱ ትራስ ነክሼ ያለቀስኩት፣ ስእለት የተሳልኩት፣ ይህን ወረቀት አንድ ጊዜ ብዘረጋው የማገኘውን ሳላውቅ ነበር። ጮኼ አለቀስኩ፤ ልጆቹ ስለሚጮኹ የሰማኝ የለም።

ከጠረጴዛዬ ጎን የማይፈለግ ወረቀት የሚቦጫጭቅ ማሽን አለ። አየሁት። አልዋሽም፣ ቆሜ ነው ያየሁት። ጠፋ ብል ማን ያውቃል? ክሊኒኩ ቦታ ቀይሯል። ሐኪሟ «ምንም አይደል» ብላ ታልፈዋለች፤ እታለም ደግሞ ንጹሕ እንደነበረች እያመነች ትታከማለች። እጄ ላይ ያለውን ወረቀት ጫፉን ማሽኑ አፍ ላይ አስጠጋሁት። በዚህ መሃል ስልኬ ጠራ።

«አጣሽው እንዴ?» አለችኝ እታለም። «ዶክተሯ ለምሳ ልትወጣ ነው መሰለኝ።»

ወረቀቱን ከማሽኑ አፍ ሳብኩት።

«ወይንሸት?»

«አገኘሁት፣ እታለም።»

«እኔስ አውቄ የለ!» አለች፤ ከዚያም አጠገቧ ላለ ሰው «አገኘችው፣ አላልኳችሁም?» ስትል ሰማኋት።

ስመለስ ታክሲ ውስጥ የማስታውሰው ነገር የለም። ወረቀቱን እንዳይታጠፍ ደረቴ ላይ ይዤው ነበር። ሐኪሟ ክፍል ስንገባ በእጇ ሰጠኋት። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ቀና ብላ ያየችው እታለምን አልነበረም።

«ይህ ውጤት ለማን ነበር የተነገረው?»

«ለእኔ።»

«ለእሳቸውስ?»

እታለም አንዴ እኔን፣ አንዴ ሐኪሟን ታያለች። ፊቷ ላይ ገና ያ ኩራቷ አልጠፋም። «ምን ይላል?» አለች። «ንጹሕ አይልም?»

ሐኪሟ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። መልሱን ለእኔ የተወችልኝ መሆኑ ገባኝ። ከወንበሬ ተነስቼ እታለም ፊት ተንበረከክሁ፤ ለምን እንደተንበረከክሁ አላውቅም፣ እግሬ ነው ያደረገው።

«አይልም፣ እታለም። ለውጥ አለ፣ ትምጣ ነው የሚለው። ያን ቀን ነርሷ ነግራኛለች። ካንሰር ነው ብዬ ደነገጥኩ። የትዕግሥት ሰርግ ደርሶ ነበር፤ ከሰርጉ በኋላ ልነግርሽ ነበር።»

እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«ሰርግ ሦስት ዓመት ይፈጃል?» አለችኝ።

ጉልበቷን ያዝኩ።

«ደም ሲመጣብኝ አምስት ወር ሙሉ ለምን ዝም እንዳልኩ ታውቂያለሽ? ንጹሕ ነኝ ብዬ ነው። ትዕግሥት ስትለምነኝ እሷን ስቆጣት የነበረው ንጹሕ ነኝ ብዬ ነው።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህብኝ፣ በጥፊ ብትመታኝ በወደድኩ። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞረች። «ልጄ፣ ያኔ ብመጣ ምን ታደርጉኝ ነበር?»

ሐኪሟ ወንበሯን አስጠግታ፣ ሳትቸኩል አስረዳቻት። እንዲህ ዓይነት ውጤት ካንሰር ተገኘ ማለት እንዳልሆነ፤ አንዳንዱ ትንሽ ለውጥ በራሱ ጊዜ የሚጠፋ፣ ከጊዜ በኋላ ድጋሚ ምርመራ ብቻ የሚያስፈልገው እንደሆነ፤ የእታለም ግን ከበድ ያለው ዓይነት ስለነበር በማጉያ መሣሪያ ታይቶ፣ የተለወጠው ክፍል ብቻ ይነሳ እንደነበር። «ብዙ ሴቶች በዚያው ቀን ነው ወደ ቤታቸው የሚመለሱት» አለቻት።

«በዚያው ቀን?»

«አዎ፣ በአብዛኛው።»

«ድኜ ነበራ?»

«ምናልባት» አለች ሐኪሟ። «ያኔም ጠልቆ ገብቶ ከነበረ ደግሞ ሌላ ሕክምና ይኖር ነበር። ሳናየው አሁን ማወቅ አንችልም።»

ይህ ምናልባት የሚባል ቃል እስካሁን አብሮኝ ይተኛል፣ አብሮኝ ይነሳል። ቁርጡን ብትነግረኝ ይሻለኝ ነበር።

እታለም ተነሳች። «ልጄ» አለቻት፣ «ከዛሬ ጀምሮ የእኔን ነገር ለእኔው ንገሪኝ። ባይገባኝ ደግመሽ ንገሪኝ። ለእሷ ግን አትንገሪ።» ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ ራሷ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጋቢና ብቻዋን ገባች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ እስከ አየር ጤና ድረስ የነጠላዋን ጥለት ሳይ ቆየሁ።

የሥጋው ውጤት ሲመጣ ካንሰር ነበር፤ ከማኅጸን በር አልፎ ተስፋፍቷል። ውጤቱን የተቀበለችው ራሷ ናት። ጨረርም ሌላውም ሕክምና ተጀመረ። ትዕግሥት ነበረች የምታመላልሳት። እኔ ቤት ስሄድ ሻይ ትሰጠኛለች፣ ስለ ሥራዬ ትጠይቀኛለች፣ ስለ ሕመሟ ግን አንድ ቃል አትነግረኝም። ሐኪሟ የጻፈችላትን ወረቀት ወረፋ ላይ የምታገኛቸውን ተማሪዎች ታስነብብ እንደነበር ትዕግሥት ነገረችኝ። ከዚያ በላይ የቆረጠኝ ነገር የለም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያነበብኩላት እኔ እያለሁ፣ መንገደኛ ያነብላታል።

ዛሬ እታለም የለችም። ሱቁን ትዕግሥት ይዛዋለች።

ይህን የምታነቡ እህቶቼ፣ ሐኪም አይደለሁም፤ የምነግራችሁ ከጥፋቴ የተማርኩትን ብቻ ነው። ተመርምራችሁ ለውጥ አለ ስትባሉ መጨረሻችሁ እንደደረሰ አትቁጠሩት። እንዲያውም ምርመራው የተፈጠረው ለዚያ ነው፤ ነገሩ ካንሰር ከመሆኑ በፊት እንዲያዝ። ግን ጊዜ አይሰጥም፣ ተጠንቅቆ መከታተል ይፈልጋል። ምን ዓይነት ለውጥ ነው፣ ቀጥሎ ምንድን ነው የሚደረገው፣ መቼ ልምጣ ብላችሁ ጠይቁ፤ ሳይገባችሁ ከወንበሩ አትነሱ። ቅጽ ላይ የራሳችሁን ስልክ ጻፉ። ደህና ነው የተባለውም ለዘላለም አይደለም፤ ደም ካያችሁ፣ ያልነበረ ነገር ከመጣ፣ ባለፈው ተመርምሬ የለ ወይ ብላችሁ አትቀመጡ። እኔን የመሰላችሁ፣ ለሰው ስታስቡ ሰውን የምትዋሹ ደግሞ፣ ወረቀቱ የማን ስም እንዳለበት እዩ። የእናንተ ካልሆነ ለባለቤቱ ስጡ። ስትደብቁ የሚያልፈው ጊዜ የእናንተ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከመሞቷ በፊት በነበሩት ሳምንታት እታለም በጣም ደክማ ስለነበር ሐኪሟ ትዕግሥትን አስጠራቻት፤ ብቻዋን መግባት ስለፈራች እኔም አብሬያት ገባሁ። ሕክምናው ከዚህ በኋላ አይረዳትም፣ የቀረው ሕመሟን ማስታገስ ብቻ ነው አለችን። እታለም ራሷ እንዲነገራት አዝዛ እንደነበር ሐኪሟ አልረሳችም፤ «እኔ ቤት መጥቼ ልንገራቸው ወይስ እናንተ?» አለችን። ትዕግሥት ኮሪደሩ ላይ እጄን ይዛ ለመነችኝ። «አክስቴ፣ በእግዚአብሔር! ተስፋዋን አትቁረጪባት። ዳንሽ እንበላት።»

እንዲህ ያለ ሐሳብ ሦስት ዓመት ሙሉ እኔን እንዳሸነፈኝ ታውቃላችሁ። ያን ቀን ግን እጇን ቀስ ብዬ አስለቀቅኳት።

ዓለም ባንክ ቤቷ ስንደርስ ከሰዓት በኋላ ነበር። መስኮት ሥር ባለው አልጋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ትዕግሥት ማድ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«እታለም፣ ዶክተሯ ያለችውን ልንገርሽ?»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «ንገሪኝ።»

ነገርኳት። አላሳመርኩትም፣ አላሳጠርኩትም። ሕክምናው እንዳቆመ፣ ሕመሙን የሚያስታግስ መድኃኒት እንደሚሰጣት፣ ጊዜው አጭር እንደሆነ ነገርኳት። ስንት ቀን ነው ስትለኝ «አላውቅም፣ እሷም አታውቅም» አልኳት። ከታች ግቢው ውስጥ ልጆች ኳስ ይራገጣሉ። ዓይኗን ጨፍና ቆየች፤ ከዚያ ገለጠችና አየችኝ።

«ይኸው፣ ነገርሽኝ» አለች። «ሞትኩ?»

«አልሞትሽም፣ እታለም።»

«እንዲህ እኮ ነበር የሚነገረው።»

ትንሽ ቆይታ ትዕግሥትን እንድጠራላት፣ ልታያቸው የምትፈልጋቸውን ሰዎች ዝርዝር የምጽፍበት እስክሪብቶም እንዳመጣላት አዘዘችኝ። ተነስቼ ሄድኩ።